መስከረም ላይ ጓሮ ውስጥ ነፍሳትና ሸረሪት መፈለግ፦ ከልጅ ጋር ከየት ልጀምር?

የለገጣፎዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። የምንኖረው ለገጣፎ ዳር ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ቤቱ ገና አላለቀም፤ ጓሮው ግን ሰፊ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማንም ስላልነካው ሳሩ የልጄን ወገብ አልፏል፣ አጥሩ ስር ከግንባታ የተረፈ ብሎኬትና ጣውላ ተከምሯል፣ ከኋላችን ደግሞ የገበሬ ማሳ ነው። አሁን ዝናቡ ጋብ ሲል ጓሮው ባንዴ ነፍስ ዘራ። የሚበረው፣ የሚዘለው፣ የሚሳበው፣ ምኑ ቅጡ።

ልጄ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። አምና በሳይንስ ትምህርት ስለ ነፍሳት ከተማሩ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ስልኬን ትወስድና ግድግዳ ላይ ያለ ሸረሪት ፎቶ ስታነሳ ትውላለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን አብሬያት ስወጣ ምን እንደምፈልግ፣ የት እንደምፈልግ አላውቅም። በማለዳ ስንወጣ ምንም የለም፣ ከሰዓት ደግሞ አንዳንዴ ዝናቡ ይቀድመናል።

ሌላው ጭንቀቴ የሷ ደህንነት ነው። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ሸረሪት ከሸናባት ፊቷ ይቆስላል፣ ለመስቀል ሳሩ ይታጨድና ፍሊት ይረጭበት እያሉ ነው። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፣ የልጄንም ጉጉት ማጥፋት አልፈልግም። ልምድ ያላችሁ እስቲ በዝርዝር ንገሩኝ። በስንት ሰዓት እንውጣ? የት እንፈልግ? የሚያሰጋውስ የትኛው ነው?

ቡራዩ ዳር

እህቴ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እኔ ይሄን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምወደው።

በማለዳ ምንም ያላገኛችሁት ብርድ ስለሆነ ነው። ነፍሳት የሚሞቁት በአብዛኛው ከፀሐይ ነው፣ የኛ አካባቢ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የመስከረም ሌሊት ይበርዳል። ሌሊቱን ደንዝዘው ያድሩና ፀሐይ ሲመታቸው ነው የሚንቀሳቀሱት። ስለዚህ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳና አጥር እዩ። ዝንቡ፣ ጥንዚዛው፣ ቢራቢሮው ክንፉን ዘርግቶ የሚሞቀው እዚያ ነው፤ እነሱን የሚያድኑት ሸረሪቶችም እዚያው አይጠፉም።

ማለዳው ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ጤዛ ያደረበት ቀን ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሳሩ ውጡ። ሌላ ጊዜ የማይታየው ድር ሁሉ በጤዛው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ክብ ሆኖ የተሠራው የአንድ ዓይነት ሸረሪት ነው፣ ሳር ላይ እንደ አንሶላ የተነጠፈው ደግሞ የሌላ። ልጅሽ ድሩን አይታ ባለቤቷን እንድትፈልግ አድርጊ፤ ብዙ ጊዜ ወይ መሃል ላይ ናት ወይ ጠርዙ ላይ ቅጠል ስር ተደብቃለች።

አሁን ወደ ብሎኬቱ። ያ የተከመረው ብሎኬትና ጣውላ ጓሮሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ሀብታሙ ቦታ ነው፣ እባክሽ እንዳታስነሺው። እርጥበት ስለሚይዝ ስሩ የማይገኝ የለም፦ ጥቁር ጥንዚዛ፣ ጉንዳን ከነእንቁላሉ፣ መቶ እግር፣ የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ። ድንጋይ ስታነሱ የወዲያኛውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ አጋድሉት። ስሩ ያለው ነገር መውጫው ወዲያ ይሆናል፣ ድንጋዩ በናንተና በሱ መካከል ይቆማል። በባዶ እጅ ሳይሆን በዱላ ወይም በጓንት። አይታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ቀስ አድርጋችሁ እንደነበረ መልሱት። ይሄን ሰው አይሰማኝም፣ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ተገልብጦ የቀረ ድንጋይ ስሩ በፀሐይ ይደርቅና ነዋሪዎቹ ያልቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብትመጡ ምንም አታገኙም።

ሌላ ዘዴ፣ ነጭ ጨርቅ ቁጥቋጦ ስር አንጥፉና ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ አድርጉት። የሚረግፈውን እዩ። ቅጠል ላይ ዓይናችሁ ያላየው ሁሉ ጨርቁ ላይ ይራመዳል። ትልልቅ ሰዎችም ይገረማሉ።

የቤቱ ጣሪያ የሚከልለውና ዝናብ የማያገኘው የግድግዳ ስር ደቃቅ አፈር ካለ እሱንም እዩልኝ። ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉ፣ እያንዳንዱ ስር አንዲት እጭ አፈር ለብሳ አድፍጣለች። ጉንዳን ሲንሸራተትባት አፈር እየወረወረች ወደ ታች ታወርደውና በመንጋጋዋ ትይዘዋለች። ስታድግ አራት ክንፍ አውጥታ ትበራለች።

አራት ዓይና

እኔ በቅንነት ልቃወም። የምኖረው ሰበታ አካባቢ ነው፣ ልጆችም አሉኝ። ወገብ የሚደርስ ሳር ውስጥ ልጅ ማስገባት አይታየኝም። እባብ አለ፣ አይጥ አለ፣ ከብት የሚያልፍበት ከሆነ መዥገርም አለ። የአማትሽ ሃሳብ መጥፎ አይደለም። ታጭዶ ንጹሕ ሲሆን ሁሉም ነገር ይታያል፣ ልጅቷም በነፃነት ትጫወታለች። ተፈጥሮ ለማየት ከፈለጋችሁ እንጦጦ ፓርክ ውሰጃት።

ቡራዩ ዳር

አራት ዓይና ወንድሜ፣ ስጋትህ ልክ ነው፣ እኔም ልጅ ሳሩ መሃል ትግባ አላልኩም። ግን ሁሉንም ማጨድና ምንም አለማጨድ ብቻ አይደለም ያለው ምርጫ። በቤቱ ዙሪያና ልጆች በሚጫወቱበት በደንብ ይታጨድ። ከዚያ ወደ አጥሩ የሚወስድ አንድ ሜትር የሚሆን መንገድ አብጁ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሳር ይቅር። ልጅቷ መንገዱ ላይ ቆማ ጠርዙን ብቻ ነው የምታየው፣ ነገሩ ደግሞ የሚበዛው ጠርዝ ላይ ነው። ቦቲ ጫማ፣ ሱሪዋ ካልሲ ውስጥ የገባ፣ ሲመለሱ ደግሞ እግሯንና ብብቷን መዥገር እንዳለ ማየት። አለቀ።

እንጦጦ ጥሩ ነው። ግን እንጦጦ ሄዶ መመለስና የራስን ጓሮ በየቀኑ ማየት ይለያያል። ያችኑ አንዲት ሸረሪት ዛሬም ነገም እዚያው ቦታ ስታገኛት፣ ድሯን ስታድስ ስታያት ነው ልጅ የሚማረው። መስከረም ላይ ሙልጭ ተደርጎ የታጨደ ጓሮ ግን እስከሚቀጥለው ክረምት ፀጥ እንዳለ ነው የሚቆየው፣ ምክንያቱም እንቁላሉም እጩም ያደረው ሳሩ ላይ ነበር። በየሰፈሩ ይሄ ሲደረግ ሳይ ከልቤ ነው የማዝነው።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ የለገጣፎዋ፣ ለረጅም ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ነኝ። የአማትሽን ነገር በጥንቃቄ እንይዘው፣ ምክንያቱም እሳቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት።

በብዙ ቤት ሸረሪት ሸናበት የሚባለውና አልማዝ ባለጭራ የምንለው ቁስል፣ በአንድ በኩል ብቻ መስመር ሠርቶ የሚወጣው፣ የሚያቃጥለውና ውሃ የሚቋጥረው፣ የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ልጅ ሆነን ጉድፍ ሲወጣብን የያዘን ያው ቫይረስ ሰውነታችን ውስጥ ነርቭ ላይ ተኝቶ ይቆይና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አቅማችን ሲደክም ይነሳል። መስመር የሚሠራው የነርቩን መንገድ ስለሚከተል ነው። ሸረሪት የለችበትም። ሰው ግን ጠዋት ሲነሳ ቁስል ያያል፣ ቀና ሲል ደግሞ ጣሪያው ላይ ሸረሪት ያያል፣ ሁለቱን ያገናኛል። ለእሳቸው ይሄን በቀስታ አስረጃቸው። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ቶሎ ሐኪም ይየው፣ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው የበለጠ የሚሠራው።

አሁን ልጅቷ እንድትለማመድ የምፈልገው ነገር፣ ከስም በፊት እግር መቁጠር ነው። ስድስት እግር፣ ሦስት የሰውነት ክፍል፣ ሁለት አንቴና፣ ነፍሳት ነው። ስምንት እግር፣ ሁለት የሰውነት ክፍል፣ አንቴና የሌለው፣ ሸረሪት ነው። ይሄን ከያዘች ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከሸረሪቶቹ ሦስቱን ቶሎ ታገኛለች። ፀሐያማ ግድግዳ ላይ የምትዘለው ትንሿ ናት አንዷ። ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሏት፣ ጣትሽን ስታንቀሳቅሺ ዞራ ታይሻለች። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፣ አድፍጣ ዘላ ነው የምትይዘው፤ ከመዝለሏ በፊት ግን የክር ጫፍ ግድግዳው ላይ ታጣብቃለች፣ ብትወድቅ እንድትንጠለጠልበት። ሁለተኛዋ መሬት ላይ የምትሮጠው ግራጫ ወይም ቡናማዋ ናት። በዚህ ወቅት ከኋላዋ ክብ የእንቁላል ከረጢት ጎትታ ስትሄድ ልታዩአት ትችላላችሁ፣ ሲፈለፈሉ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ወጥተው ታዝላቸዋለች። ከልጅ ጋር ሆኖ ይሄን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛዋ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ያለችው እግረ ረጅሟ፣ ስትነካ ድሯ ላይ የምትንቀጠቀጠው። እሷ ቤት ውስጥ ትንኝና ዝንብ ትበላልሻለች፣ ተያት።

ስለ አደጋው። የሸረሪት ሁሉ መርዝ አለው ማለት ይቻላል፣ የአብዛኞቹ ግን ሰውን የሚጎዳ አይደለም፣ ብዙዎቹ ጥርሳቸው ቆዳችንን እንኳ አይበሳም። ሆኖም ብሎኬት ቀዳዳ ውስጥ፣ የቆየ ጫማ ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ስር የምትኖር፣ ሆዷ ክብና የሚያብለጨልጭ፣ ከሆዷ ስር ቀይ ወይም ብርቱካናማ ምልክት ያላት ሸረሪት ካያችሁ አትነካም። እሷም ካልተጨቆነች በቀር አትናከስም። ደንቡ አንድ ነው፦ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ውስጥ እጅ አይገባም። ውጭ ያደረ ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም።

አባጨጓሬ ፀጉራም ከሆነም በጣት አይነካም። ከነካች ቆዳዋን እንዳታሽ፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስታነሱት ፀጉሩ አብሮ ይነቀላል፣ ከዚያ በውሃና በሳሙና ማጠብ።

ሱሉልታ ቀፎ

እኔ ንብ ነው የማረባው፣ ስለ ፍሊቱ ልናገር። እባካችሁ እህቴ፣ አሁን አይረጭ። አደይ አበባው የፈነዳበት ጊዜ ነው። የናንተ ጎረቤት ያለ ገበሬ ቀፎ ሊኖረው ይችላል፣ ንቦቹ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ሄደው ነው የሚቀስሙት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ማር አሁን ከሚቀሰመው ነው የሚሠራው። አበባ ላይ የተረጨ መድኃኒት ቀፎውን ነው የሚጨርሰው፣ እኔ የሞተ ንብ ከቀፎ ስር በእጄ ጠርጌ አውቀዋለሁ፣ ቀላል ኀዘን አይደለም።

ጎመን ላይ ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጥጠው ደቃቅ ተባይ፣ ስላለ ነው ርጩ የሚሉት ከሆነ፣ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ካለች፣ እሷ ክሽክሹን እየበላችላችሁ ነው። የሷን እጭ ግን ብዙ ሰው አያውቃትም። ረዘም ያለች፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነጥብ ያለባት፣ ክንፍ የሌላት ናት። ተባይ መስላቸው የሚገድሏት ብዙ ናቸው፣ እሷ ግን ከእናቷ ባልተናነሰ ትበላለች። ክሽክሹ ከበዛ በውሃ ግፊት ማጠብ ይበቃል።

አደይ አበባ ጋ ቁጭ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከቀፎ ራቅ ባለ ቦታ ይሁን፣ ሽቶ አትቀቡ፣ ጥቁር ልብስ አትልበሱ። አበባ ላይ ያለች ንብ ካልተጨቆነች አትናደፍም። ከነደፈች መንደፊያው ቆዳ ላይ ስለሚቀር ወዲያው በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማውጣት ነው፤ በቆየ ቁጥር መርዙ ይገባል። ፊቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

ንብ የሚመስል ግን ንብ ያልሆነም ታያላችሁ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ከዚያ ብር ብሎ የሚጠፋው ዝንብ ነው፣ አይናደፍም። ክንፉ ሁለት ብቻ ነው፣ የንብ አራት ነው። ልጅቷ ፎቶ አንስታ ትቁጠር።

አበባው ላይ ቢጫ ሸረሪትም ፈልጉ! አደዩ ላይ ቁጭ ስትል አበባና እሷን መለየት ያስቸግራል። የፊት እግሮቿን ከፍታ ትጠብቃለች፣ ንብ ሲመጣ ትይዘዋለች። ነጭ አበባ ላይ ከሄደች በቀናት ውስጥ ቀለሟን ወደ ነጭ የምትቀይር ዓይነት አለች። ንቤን ብትበላብኝም እኔ አልጠላትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ አበባ ላይ ዝግ ብላ የምትበር ጥቁር፣ ቢጫ ወይም ቀይ አግድም መስመር ያላት ጥንዚዛ አለች፣ ባቄላ አበባም ትበላለች። ስትጨቆን የምታወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያሳብጣል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ማየት እንጂ መያዝ የለም።

ኮዬ አራተኛ ፎቅ

እኔ ጓሮ እንኳ የለኝም፣ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግን በረንዳዬ ላይ የማገኘውን ብታዩ። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነጭ አንሶላ እሰቅላለሁ፣ አምፖል ከፊቱ አደርጋለሁ፣ የእሳት እራት ይመጣል። ጨረቃ የሌለበት፣ ነፋስ የሌለበት፣ ሞቅ ያለ ሌሊት ይሻላል። አረንጓዴው፣ ብሩ፣ የዛፍ ቅርፊት የሚመስለው፣ ቀን ላይ የት ነበሩ ያሰኛል። ስትጨርሱ መብራቱን አጥፉላቸው፣ ካልሆነ እዚያው ሲዞሩ ያድራሉ፣ ጠዋት ወፍ ይለቅማቸዋል።

ጓሮ ላለው ደግሞ የባትሪውን ነገር ልንገራችሁ። ባትሪውን ከዓይናችሁ አጠገብ፣ ግንባራችሁ ላይ አድርጋችሁ ሳሩን አብሩበት። ትንንሽ አረንጓዴ ብልጭታ ይመለስላችኋል። መምህሩ ያሏት መሬት ላይ የምትሮጠው ሸረሪት ዓይን ነው። ብልጭታውን ሳትለቁ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ፣ እሷ ጋ ያደርሳችኋል። እኔ እናቴ ቤት ቱሉ ዲምቱ ስሄድ ይሄን ሳላደርግ አልተኛም።

ፎቶዎቹን አይናቹራሊስት የሚባለው አፕ ላይ ጫኑ። ስሙን የሚያውቁ ሰዎች ከየዓለሙ ይመልሱላችኋል። ከኛ አካባቢ የሚጫነው ትንሽ ስለሆነ የልጅሽ ፎቶ ከልብ ይጠቅማል። ቤታችሁ እንዳይታወቅ ግን ቦታውን የሚሸፍነውን ምርጫ ተጠቀሙ። ፎቶ ስታነሱ ከላይም ከጎንም፣ አጠገቡ ሳንቲም አድርጋችሁ መጠኑ እንዲታይ።

የለገጣፎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። ለአማቴ የመምህሩን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና የእህታቸው ቁስል ልክ እንደዚያ በአንድ ጎን ነበር አሉ። ፍሊቱ ቀርቷል። ሳሩ ላይ ገና እየተነጋገርን ነው፣ የመንገዱን ሃሳብ ግን ወደውታል።

አንድ ጥያቄ። ደጅ ያለው ጤና አዳም ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር አይተን ስናልፈው ነበር፣ ዛሬ ልጄ ይንቀሳቀሳል ብላ ጮኸች። ጥቁርና ነጭ ነው፣ የቡና ፍሬ የምታህል። እዚያው ተክል ላይ አረንጓዴ ወፍራም አባጨጓሬም አለ። ልጄ በእንጨት ነካ ስታደርገው ከጭንቅላቱ ላይ ብርቱካናማ ቀንድ ነገር አወጣ፣ ደግሞ ይሸታል! ይናደፋል እንዴ? አማቴ ጤና አዳማቸውን ስለሚበላባቸው ይነቀል እያሉ ነው።

ጡረተኛ መምህር

አይነቀል! አይናደፍም፣ ፀጉርም የለውም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ትንሹ ገና ልጅ ነው፣ አረንጓዴው ያደገው። ልጅ ሳለ የወፍ ኩስ የሚመስለው ወፍ እንዳይበላው ነው። ቀንዱና ሽታውም መከላከያው ነው፣ ጉንዳንና ሌላ ጠላት ያባርርበታል። ጥቁርና ፈዛዛ ቢጫ ክንፍ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ነው የሚወጣው፣ ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ላይ የምትጥለው ያችው ናት። ጤና አዳምም የነሎሚ ዘመድ ስለሆነ ትጥልበታለች።

ለአማትሽ እንዲህ በያቸው። ጤና አዳም ቅጠሉ ቢበላም መልሶ ያቆጠቁጣል። በጣም ከበዛበት ሁለቱን ትተሽ የቀሩትን ሎሚ ካለበት ጎረቤት አዛውሪ።

ልጅቷ ሲለወጥ እንድታየው ከፈለግሽ፣ አንዱን አረንጓዴ ከነቅርንጫፉ ሰፊ ማሰሮ ወይም ካርቶን ውስጥ አድርጊ፣ አፉን በሻሽ ሸፍኚ። በየቀኑ ትኩስ ጤና አዳም ስጪው፣ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም። መድኃኒት ያልነካው መሆኑን አረጋግጪ። ቆሞ የሚደገፍበት እንጨትም ይኑር፣ ምክንያቱም መብላት ሲያቆም ወጥቶ እንጨት ላይ ራሱን በክር ያስራል፣ ቆዳውን ጥሎ ደረቅ ልብስ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ አይነካም፣ ፀሐይ ላይም አይቀመጥም። የሚወስደው ሳምንታት ነው፣ ብርድ ከሆነ ይቆያል፣ ስለዚህ ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ነው የሚሆነው፤ እስኪዘረጋና እስኪደርቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ልጅቷ ክንፏን እንዳትነካ አደራ። ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሲኖር ልቀቋት።

ከናንተ ኋላ ያለው ማሳ ከብት የሚውልበት ከሆነ ደግሞ ትኩስ እበት በዱላ ገልብጡ፣ ስሩ የሚቆፍሩ ጥንዚዛዎች አሉ። እበት ከሚያንከባልሉት ዘመዶቻቸው አንዷ በሌሊት አቅጣጫዋን የምትይዘው ሰማዩ ላይ በሚታየው ሚልኪ ዌይ በሚባለው የከዋክብት ጭረት መሆኑን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይተዋል። ይሄን ለልጅቷ ንገሪልኝ። ጥያቄ ካላት ራሷ ትጻፍልኝ።